ጥላ የተካሱ ሰዎች፦ የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋቾች በሬኔሳንስ ኅብረተሰብ ውስጥ

በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አይከ ፎን ረፕጎ የተባለ የሳክሶኒ ሰው የአገሩን ልማዳዊ ሕግ ሰብስቦ በጀርመንኛ ጻፈው። «የሳክሶኖች መስተዋት» እየተባለ የሚጠራው ይህ መጽሐፍ፣ ሰው ሰውን ሲበድል ለተበዳዩ እንደየማዕረጉ ምን ያህል ካሣ እንደሚከፈለው በዝርዝር ይደነግጋል። ከላይ ከመሳፍንቱ ጀምሮ እስከ ገበሬው እየወረደ ሲቆጥር ይቆይና፣ እየዞረ ዜማ ከሚያሰማው ተጫዋች ዘንድ ሲደርስ ፍርዱ መልኩን ይለውጣል። የተጫዋች ካሣ የሰው ጥላ ነው። ቆየት ብሎ በደቡብ ጀርመን የተጻፈ ሌላ የሕግ መጽሐፍ አፈጻጸሙን ሲያብራራ፣ በዳዩ ፀሐይ ባረፈበት ግድግዳ ፊት ይቁም፤ ተበዳዩም ይሂድና በግድግዳው ላይ የወደቀውን ጥላ አንገቱን ይምታ፤ በዚህም ካሣውን አግኝቷል ይላል። ሕግም አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ይቀልዳል።

ሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል አልፎ በ1473 (እዚህ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዚያው በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ኮንራድ ፓውማን የሚባል ዓይነ ስውር ኦርጋን መቺ ዐረፈ። በከተማይቱ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚገኘው የመቃብሩ ድንጋይ ፓውማን ትንሽ ኦርጋን ይዞ ሲጫወት፣ በዙሪያውም ሉት፣ በገና፣ ዋሽንትና በደጋን የሚመታ ባለጅማት መሣሪያ ተቀርጸው ያሳያል። በሕይወቱ ሳለ በ1470 ወደ ኢጣሊያ ተጉዞ በማንቱዋ የፈረሰኝነት ማዕረግ ተቀብሏል። በግድግዳ ላይ ጥላ ከመምታት ተነሥቶ በድንጋይ ላይ እስከ መቀረጽ ያለው ርቀት ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም፤ ብዙዎቹም ከመንገዱ ላይ ቀርተዋል። ፓውማን ራሱ በ1447 የኑርንበርግ ከተማ ኦርጋን መቺ ሆኖ ሲቀጠር፣ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ከከተማይቱ ላይወጣ ቃል አስገብተውት ነበር። ሦስት ዓመት ከቆየ በኋላ ማንም ሳያውቅ ኮበለለና ለባቫርያው መስፍን አደረ። የዚያን ዘመን ታላቅ ተጫዋች ወደ ክብር ያደረሰው አንዱ እርምጃ ኩብለላ ነበር ማለት ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ሥራቸው ምን ነበር? የሬኔሳንስ ዘመን ሙዚቃ ሲነሣ በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው በመስፍኑ አዳራሽ ውስጥ ሉት የያዘው ውብ ወጣት ነው። ሠዓሊዎቹ ደጋግመው የሳሉት እርሱን ነውና አይፈረድም። አብዛኛው ተጫዋች ግን ውሎው ከከተማ ሕዝብ ጋር፣ አዳሩም ብዙ ጊዜ በግንብ ላይ ነበር። በጀርመን ከተሞች የግንብ ጠባቂው ሌሊቱን ነቅቶ እሳት ሲነሣ ወይም ጠላት ሲመጣ በመለከቱ ያስጠነቅቃል፤ ሰዓቱንም በመለከት ይነግራል። በእንግሊዝ አገር «ዌይት» ይባሉ የነበሩት የከተማ ተጫዋቾችም የሌሊት ዘብ ነበሩ። ዘቡ ውሎ አድሮ የዜማ ሰው ሆነ። እንግዳ መስፍን ወደ ከተማ ሲገባ፣ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ፣ የቅዱስ በዓል ሲነግሥ፣ ነጋዴው ልጁን ሲድር እነርሱ ከሌሉ ነገሩ ሁሉ ጎደሎ ነው። ከ1571 ጀምሮ የለንደን ዌይቶች በእሑድና በበዓል ቀን አመሻሽ ላይ በንጉሣዊው የንግድ አዳራሽ ግንብ ሆነው ለአላፊ አግዳሚው ይጫወቱ ነበር። ድሀው ያለ ክፍያ ሙዚቃ የሚሰማበት አንድ ቦታ ይኸው ነበር።

መሣሪያዎቹም እንደ ሰዎቹ በሁለት ወገን የተከፈሉ ነበሩ፤ ጯኺዎቹና ለስላሶቹ። መለከት፣ ትሮምቦን፣ ነጋሪት፣ እንዲሁም ሻውም የሚባለው ድምፀ ብርቱ የእንጨት መሣሪያ ለአደባባይ ናቸው። ሉት፣ በገና፣ ዋሽንትና ባለጅማቶቹ ለእልፍኝ ናቸው። መለከት ደግሞ ከሁሉም የተለየ ክብር ነበረው፤ የንጉሥና የመስፍን ድምፅ ነው። ከተሞች በራሳቸው ፈቃድ መለከተኛ ሊያቆሙ አይችሉም ነበር። የአውግስቡርግ ከተማ ይህን መብት ያገኘችው በ1426 ከንጉሥ ሲጊስሙንድ በተሰጣት ልዩ ፈቃድ ነው። በብዙ ከተሞች ደግሞ ለሠርግ ስንት ተጫዋች መጥራት እንደሚቻል በደንብ ተወስኖ ነበር፤ ለታላቁ ቤት ብዙ፣ ለታናሹ ጥቂት፤ ከዚያ ያለፈ መቀጮ ይከፍላል። የሰው ማዕረግ በሚሰማው የሙዚቃ ብዛት ይለካ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ኅብረተሰቡ ያለ እነርሱ ማግባትም ሆነ መንገሥ አይችልም፤ ለእነርሱ ግን በማዕዱ ላይ ቦታ አልነበረም። የአዝማሪን ታሪክ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ተቃርኖ እንግዳ አይሆንበትም። በጀርመን ከተሞች የእጅ ሙያተኞች ማኅበራት የተጫዋችን ልጅ ለሙያ ትምህርት አይቀበሉም ነበር፤ ክብር የሌለው ቤት ልጅ ነውና። በ1548 የወጣው የመላው ግዛት የደንብ አዋጅ ይህን ከለከለ። ከሸማኔው፣ ከጸጉር ቆራጩ፣ ከእረኛውና ከወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጆች ጋር የዋሽንት ነፊውና የመለከተኛው ልጅም ከማኅበር እንዳይገለል አዘዘ። አዋጁ በ1577 እንደገና መታወጅ ማስፈለጉ ግን የመጀመሪያው ምን ያህል እንደተፈጸመ በግልጽ ይመሰክራል።

ተጫዋቾቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የፓሪስ ተጫዋቾች ገና በ1321 ማኅበር አቋቁመው በደንብ ላይ ፈርመዋል፤ ከፈራሚዎቹ መካከል ሴቶችም ነበሩ። ኋላም በቅዱስ ዩሊያኖስ ስም ለድሆችና ለመንገደኛ ተጫዋቾች ማረፊያ ቤት ሠርተዋል። የማኅበሩ ዓላማ ግን ምጽዋት ብቻ አልነበረም። ማን በከተማይቱ ውስጥ ለክፍያ ሊጫወት እንደሚችል፣ ማን እንደማይችል መወሰን ነበር። ከደጅ የተገፋ ሰው ገብቶ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚያደርገው ደጁን መዝጋት ነው፤ የፓሪሶቹም ከዚህ አልወጡም።

የዚያን ዘመን ተጫዋች በገዛ ቤቱ ውስጥ እንዴት ይኖር እንደነበር የሚያሳይ ምስክር ያለው በፍሎረንስ ነው። ባለመዝገቡ ታዋቂው ወርቅ ሠሪና ቀራጺ ቤንቬኑቶ ቼሊኒ (1500-1571) ሲሆን፣ የሕይወት ታሪኩን በጻፈበት መጽሐፍ ስለ አባቱ ስለ ጆቫኒ ብዙ ይናገራል። ጆቫኒ የግንብ ሥራ ዐዋቂ፣ የዝሆን ጥርስ ቀራጭ፣ ኦርጋን፣ በገናና ሉት ሠሪ ነበር። በዚህ ሁሉ ላይ ከፍሎረንስ መንግሥት ነፊዎች አንዱ ሆነ። ልጁ ለዚህ ነገር ምክንያት ማቅረብ እንዳለበት ተሰምቶታል፤ በዚያን ጊዜ እነዚያ ነፊዎች ሁሉም የተከበሩ የእጅ ሙያተኞች እንደነበሩ፣ ገሚሶቹም ከሐርና ከሱፍ ማኅበራት እንደነበሩና አባቱ ሥራውን ያልናቀው በዚህ የተነሣ መሆኑን ያስረዳል። ልጅ አባቱ ዋሽንት ነፊ በመሆኑ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሆኖ ሲጽፍ ማየት፣ ከብዙ የሕግ አንቀጽ የበለጠ ይናገራል።

ሎሬንዞ ደ ሜዲቺና ልጁ ፒየሮ ጆቫኒን ይወዱት ነበር። ሆኖም ሙያውን ሁሉ ጥሎ ለንፊያው ብቻ መሰጠቱን ባዩ ጊዜ ከነፊዎቹ ጓድ አስወጡት። ለእርሱ ብለው ነው፤ እርሱ ግን በደል አድርጎ ቆጠረው። ከዚያ በኋላ ተስፋውን በሙሉ በልጁ ላይ ጣለ። ቤንቬኑቶ ገና ሕፃን ሳለ በሰው ትከሻ ላይ ተቀምጦ በመንግሥቱ ሹማምንት ፊት ከነፊዎቹ ጋር ዋሽንት ተጫውቷል። የከተማይቱ አስተዳዳሪ ሶደሪኒ ልጁን ከሙዚቃው ሌላ ያንተንም ጥሩ ጥሩ ሙያ አስተምረው ሲሉት፣ አባትየው ከመጫወትና ዜማ ከመድረስ በቀር ሌላ ጥበብ እንዲማር አልፈልግም ብሎ መለሰ። ልጁ በበኩሉ ያን ነገር እንደ እርግማን ይጠላው ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቱ ያለ አባቱ ፈቃድ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ገባ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ቼሊኒ በሮም ሳለ የሊቀ ጳጳሳቱ የክሌምንጦስ ሰባተኛ ነፊዎች ለነሐሴ በዓል ሰው ጎድሏቸው ኮርኔቶ እንዲነፋላቸው ለመኑት። ነፋ፤ ጳጳሱም ወደዱትና ከነፊዎቻቸው ጓድ እንዲገባ አስጠየቁት። ሲያመነታ አደረ። በዚያች ሌሊት አባቱ በሕልሙ መጣበት። ብትቀበል ምርቃቴ፣ እንቢ ብትል የአባትነት እርግማኔ ይድረስህ አለው። ሲነጋ ሮጦ ሄዶ ተመዘገበ። በፍሎረንስ ላለው ሽማግሌ አባቱ ይህን በደብዳቤ ቢገልጥለት፣ አባትየው ከደስታው ብዛት ታሞ ለሞት ደረሰ ይላል። ቼሊኒ ማጋነን የሚወድ ሰው መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሕልሙንም እንደወደደ አስውቦ አውርቶት ይሆናል። የአባቱን ልብ ግን ፈልስፎ ሊጽፈው የሚችል አይመስልም። አንድ ሰው በዋሽንት ነፊነት ይህን ያህል ሊኮራ መቻሉ፣ ልጁ ደግሞ ይህን ያህል ሊያፍርበት መቻሉ የዘመኑ ሁለት ፊት ነው።

የኀፍረቱ ሥር በመጻሕፍትም ውስጥ ይገኛል። በ1528 የታተመው የባልዳሳሬ ካስቲልዮኔ «የቤተ መንግሥት ሰው» የተባለ መጽሐፍ መኳንንቱ ሙዚቃ እንዲያውቁ አጥብቆ ይመክራል፤ ግን እንደ ባለሙያ ሆነው አይታዩ፤ እንደ ዋዛ ያድርጉት። በአፍ የሚነፉትን ደግሞ ይተዉአቸው፤ በጥንታዊው ተረት ሚነርቫ የጣለቻቸው፣ አልኪቢያዲስም የናቃቸው ናቸውና። ጉንጩ ተነፍቶ ፊቱ የሚጣመም ሰው የጨዋ ልጅ አይመስልም። ከዚህ የተነሣ ሉትና ባለጅማቱ የመኳንንት፣ ትንፋሽ የሚጠይቀው ሁሉ የቅጥረኛ ሆነ። ሉተኛው ፍራንቼስኮ ዳ ሚላኖ (1497-1543) ጳጳሳትን እያጫወተ «መለኮታዊው» የሚል ቅጽል ሲያገኝ፣ ከእርሱ በጥበብ የማያንሱ ስንት ነፊዎች በደመወዝ መዝገብ ውስጥ ከመጀመሪያ ስማቸው በቀር ያስቀሩት የለም። ይህን ሕግ ያፈረሱት፣ የሚገርመው፣ የፌራራ ገዳማውያት ናቸው። በቅዱስ ቪቶ ገዳም መነኮሳይያቱ ኮርኔቶና ትሮምቦን ጭምር ይነፉ ነበር። ኤርኮሌ ቦትሪጋሪ በ1594 ባሳተመው መጽሐፍ ጥበባቸውን በአድናቆት ገልጧል። ጉንጫቸውን የሚታዘብ የቤተ መንግሥት ሰው በአጠገባቸው አልነበረም።

ነፊው ስምና የማያቋርጥ እንጀራ ያገኘው በተለይ በቬኒስ ነው። በ1568 የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጂሮላሞ ዳላ ካሳን ከሁለት ወንድሞቹ ጋር በቋሚነት ቀጠረ። ከዚያ በፊት ለበዓል ብቻ የሚጠራው ተጫዋች አሁን ከመዘምራኑ ጎን ቦታ ያዘ። በ1584ም ጂሮላሞ የሙያውን ምስጢር፣ ይኸውም አንዱን ረዥም ድምፅ ከፋፍሎ በጌጥ የማስዋብን ዘዴ፣ በመጽሐፍ አሳተመው። በቃል ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ነገር የአደባባይ ትምህርት ሆነ። በ1597 በቅዱስ ማርቆስ ኦርጋን መቺ የነበረው ጆቫኒ ጋብሪኤሊ ባሳተመው የዜማ ስብስብ ውስጥ፣ በስምንት ድምፅ በተደረሰ አንድ ሥራ ላይ፣ የትኛውን ድምፅ ኮርኔቶ፣ የትኛውን ትሮምቦን፣ የትኛውን ባለጅማት እንደሚጫወተው ለይቶ ጻፈ። ቀደም ሲል ደራሲው ዜማውን ይሰጣል፤ በምን እንደሚጫወት መምረጥ የተጫዋቹ ፈንታ ነበር። አሁን መሣሪያው በወረቀት ላይ ተጠራ። ነፊው በዚህ ክብር አገኘ፤ የመምረጥ ነጻነቱን ግን ከዚያችው ቀን ጀምሮ እያጣ ሄደ ማለት ይቻላል።

የማተሚያው መኪናም እንዲሁ ባለ ሁለት ስለት ነበር። ቲልማን ሱሳቶ ከ1531 ጀምሮ የአንትወርፕ ከተማ ነፊ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቶ በ1543 የሙዚቃ ማተሚያ ቤት ከፈተ። በ1549 ከከተማው ሥራ ተሰናበተ። በ1551 ባልደረቦቹ በየሠርጉና በየበዓሉ ይጫወቱአቸው ከነበሩት የጭፈራ ዜማዎች ብዙዎቹን በአራት ድምፅ አሳትሞ ሸጠ። የነፊዎቹ ጥሪት ገንዘብ ላለው ሁሉ ተከፈተ።

ነገሥታቱ ደግሞ ተጫዋችን እንደ ጌጥና እንደ ጦር ዕቃ ይሰበስቡ፣ ለወዳጅ መንግሥትም ይልኩ ነበር። በ1520 የፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኞች በዶን ሮድሪጎ ደ ሊማ መሪነት ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ፣ ካመጧቸው ገጸ በረከቶች መካከል ከሰይፉና ከዓለም ካርታው ጋር ኦርጋን ይገኝበታል። ከመልእክተኞቹም መካከል አንድ ሠዓሊና አንድ ኦርጋን መቺ ነበሩ። የዘመኑ ነገሥታት ኀይላቸውን ሊያሳዩ ሲሹ ከመድፉ ጎን ይህንንም ይልኩ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ረገድ የእንግሊዙን ንጉሥ ሄንሪ 8ኛን የሚያህል አልነበረም። እርሱ ከሞተ በኋላ በ1547 የተቆጠረው የንብረቱ መዝገብ ከሰባ በላይ ሪከርደር የሚባሉ ዋሽንቶችን ይዟል። ዋሽንቱን የሚነፉትን ከቬኒስ አስመጣ፤ የባሳኖ ወንድማማቾች በ1539ና በ1540 ለንደን ገቡ። መኖሪያ የተሰጣቸው መነኮሳቱ በተባረሩበት ገዳም ውስጥ ነበር። ከእነርሱ የባፕቲስታ ልጅ ኤሚሊያ፣ በ1569 ተወልዳ፣ በ1611 የግጥም መጽሐፏን በስሟ አሳተመች፤ በእንግሊዝ አገር ይህን ካደረጉት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። ከንጉሡ ደጅ ውጭ ላለው ተጫዋች ግን ያች አገር ሌላ አገር ነበረች። የ1572ቱ አዋጅ ጌታ የሌለውን ተዘዋዋሪ ተጫዋች ከወሮበላ ቆጥሮ፣ ተገርፎ ቀኝ ጆሮው በጋለ ብረት እንዲበሳ ያዝዛል። የባለሟልነት ልብስ የለበሰ ነፊና ያልለበሰ ነፊ፣ አንድ ዓይነት ዜማ እየነፉ፣ አንዱ ደመወዙን ሌላው ግርፋቱን ይቀበሉ ነበር።

ባሳኖዎች ለንደን ከመግባታቸው ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎ በዚሁ ቤተ መንግሥት ጆን ብላንክ የሚባል ጥቁር መለከተኛ ነበረ። በታኅሣሥ 1507 የንጉሥ ሄንሪ 7ኛ ገንዘብ ያዥ፣ ለኅዳር ወር ደመወዙ በቀን ስምንት ፔኒ ታስቦ ሃያ ሺሊንግ እንደከፈለው መዝግቧል። በመዝገቡ ላይ «ጥቁሩ መለከት» ተብሏል፤ ሰውዬውና መሣሪያው በአንድ ቃል ተጠቅልለው። ከየት እንደመጣ መዝገቡ አይናገርም።

አዲሱ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዙፋን ላይ ከወጣ በኋላ ብላንክ አቤቱታ አቀረበ። ዶሚኒክ ጁስቲኒያን የተባለ መለከተኛ ሞቶ ነበር። አመልካቹ የሚከፈለው ደመወዝ እንደ ሌሎቹ መለከተኞች ሆኖ ንጉሡን ለማገልገል እንደማይበቃው ገልጦ፣ የሟቹ ቦታና በቀን አሥራ ስድስት ፔኒ እንዲሰጠው ለመነ። ልመናው በዘመኑ የደጅ ጥናት ወግ በትሕትና የተጠቀለለ ነው፤ ውስጡ ግን ጥርት ያለ ሒሳብ ነው፤ እኩል ሥራ፣ እኩል ክፍያ። በዚያ ዘመን የአንድ ተራ ነፊ ቃል በቀጥታ እንዲህ የሚሰማባቸው ጽሑፎች እጅግ ጥቂት ናቸው። ንጉሡ በአቤቱታው ላይ ፈረመበት። ደመወዙ እጥፍ ሆነ።

በየካቲት 1511 ንጉሡ የወራሽ ልጁን መወለድ ለማክበር በዌስትሚንስተር የፈረስ ግጥሚያ አደረገ። በዓሉ ስድሳ ጫማ ያህል በሚረዝም ጥቅል ብራና ላይ በሥዕል ሰፍሯል። በሥዕሉ ውስጥ ብላንክ ሁለት ጊዜ ይታያል፤ ስድስት ሆነው በፈረስ ከተቀመጡት መለከተኞች መካከል ባልደረቦቹ ባዶ ራሳቸውን ሲሆኑ እርሱ ጥምጥም አድርጓል። የንጉሡ ዓርማ ያለበት ጨርቅ ከመለከቱ ላይ ተንጠልጥሏል። በዓሉ የተደገሰለት ሕፃን ወሩ ሳያልቅ ሞተ። በጥር 1512 ብላንክ ሲያገባ ንጉሡ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ካባ፣ ቆብና ባርኔጣ እንዲሰጠው አዘዘ። በ1514 በተጻፈው የመለከተኞች ዝርዝር ውስጥ ግን ስሙ የለም።